ደመወዝ፣ ፍሪላንስ ወይስ የቅጥር ብዕር? ልብ ወለድ ለሚጽፍ የባህል ጋዜጠኛ የምርጫ መመሪያ

አዲስ አበባ ውስጥ ከልብ ወለድ በሚያገኘው ገቢ ብቻ የቤት ኪራይ የሚከፍል ደራሲ በጣት የሚቆጠር ነው። ሌሎቻችን ሌላ እንጀራ አለን። ስለ ቴአትር፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ሙዚቃና ስለ መጻሕፍት እየዘገቡ ልብ ወለድ መጻፍ የሚፈልጉ ወጣቶች ሲያማክሩኝ ወሬው ከየትም ቢጀመር መድረሻው አንድ ነው፦ ልብ ወለዱን ሳይበላ የሚያበላ ሥራ የትኛው ነው?

ብዙ ሰው አማራጮቹን የሚያወዳድረው በወር በሚያስገቡት ብር ነው። ብሩ መቆጠር አለበት፤ እኔም እቆጥረዋለሁ። ከብሩ በፊት ግን ሥራው ከቀኑ ውስጥ የትኛውን ሰዓት እንደሚወስድ መታወቅ አለበት። ልብ ወለድ በተረፈ ሰዓት አይጻፍም፤ ጭንቅላት ያልደከመበት፣ ስልክ የማይጮህበት፣ በየቀኑ የሚመለስ የራሱ ሰዓት ይፈልጋል። ለአንዱ ከንጋቱ 11 እስከ 2 ሰዓት ነው፤ ልጆች ላሏት እናት ደግሞ ቤቱ ጸጥ የሚልበት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የእናንተ ሰዓት የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ሥራ አትምረጡ። ቀጥሎ የጻፋችሁት የማን ንብረት እንደሚሆን፣ ከዚያም ክፍያው መቼ እጃችሁ እንደሚገባ ጠይቁ።

የተቋም ደመወዝ

ይህ መንገድ የቆየና የተፈተነ ነው። ብርሃኑ ዘሪሁንም ሆነ በዓሉ ግርማ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ አዘጋጆች ነበሩ። ጳውሎስ ኞኞ በዚያው ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ አገር አውቆታል። ሦስቱም እየተቀጠሩ ሠርተዋል፤ ሦስቱም እስከ ዛሬ የሚነበቡ መጻሕፍት ትተዋል። «ቢሮ ገብቶ ደራሲ መሆን አይቻልም» ለሚል ሰው ከእነርሱ የተሻለ መልስ የለኝም።

ደመወዙ የሚሰጠው ነገር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ሲያዋጣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ለታመመ ሠራተኛም የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ደግሞ ግማሽ ደመወዝ አላቸው። ያለ ቅጥር በየጽሑፉ የሚከፈለው ፍሪላንሰር ግን ታይፎይድ ሲይዘው ገቢውም አብሮ ይተኛል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ተቋሙ አርታኢ ይሰጣል። ጽሑፋችሁን በቀይ ብዕር ሰርዞ «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ሰው በሙያው መጀመሪያ ዓመታት ከገንዘብ ይበልጣል። ለጀማሪ ሳልጠራጠር የምመክረው ይህንን መንገድ ነው።

ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ የባህል ዴስክ በየዝግጅት ክፍሉ የመጀመሪያው ተቀናሽ መሆኑ ነው። የፖለቲካው ወሬ ሲሞቅ የኪነ ጥበብ ገጹ ይታጠፋል፤ ዘጋቢው ለግምገማ ስብሰባ ይላካል። ሁለተኛው ከባዱ ነው፦ ደመወዝ የሚከፍል ተቋም ልብ ወለዱንም ያነባል። በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሳለ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱ ከሥራው ተባረረ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ዘመኑ ሌላ ነው፤ ጥያቄው ግን ዛሬም አለ። የምትጽፉት ልብ ወለድ የቀጣሪያችሁን ዓለም የሚነካ ከሆነ ፈቃድ ሳይጠየቅበት የሚወጣበትን መንገድ ከወዲሁ አስቡ።

ከተቋም ተቋምም ልዩነት አለ። ዕለታዊ ጋዜጣና ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ይወስዳሉ። ሳምንታዊ ጋዜጣ ግን የኅትመቱ ቀን ካለፈ በኋላ ትንሽ ይተነፍሳል፤ ቅዳሜ እንደሚወጣው አዲስ አድማስ ባለ ጋዜጣ የሚሠራ ሰው የሳምንቱን መጀመሪያ ለራሱ ለማትረፍ ዕድል አለው። ሁለት ቅጥር ቀርቦላችሁ ደመወዛቸው ከተቀራረበ ሳምንታዊውን ምረጡ።

ፍሪላንስ

መሀል አዲስ አበባ ለባህል ጋዜጠኛ የተመቸች ከተማ ናት። ከስድስት ኪሎ ተነስቶ ቁልቁል የሚወርድ ሰው በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ የኢትኖሎጂ ሙዚየሙን፣ ወረድ ብሎ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሙዚየም፣ አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን፣ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትን፣ ፒያሳ ላይ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ሀገር ፍቅር ቴአትርን፣ ከዚያም በቸርችል ጎዳና በኩል ብሔራዊ ቴአትርንና ራስ ሆቴልን በእግሩ ያዳርሳቸዋል። የታክሲ ወጪው ትንሽ ነው፤ ወሬው ብዙ ነው።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅም የሰዓቱ አቀማመጥ ነው። የባህል ወሬ የምሽት ወሬ ነው። ዐውደ ርዕይ የሚከፈተው፣ ግጥም የሚነበበው፣ ቴአትር የሚታየው ከሥራ መውጫ በኋላ ወይም በሰንበት ነው። ቅጥር ላይ ያለው ዘጋቢ ምሽቱን ዝግጅቱ ላይ አምሽቶ ጠዋት ደግሞ ለዝግጅት ክፍሉ ስብሰባ ይጠራል። ፍሪላንሰሩ ጠዋቱ የራሱ ነው። ስለዚህ ማለዳ ለሚጽፍ ሰው ከፍሪላንስ የተሻለ መንገድ አላየሁም። በምሽት ለሚጽፍ ግን ይኸው ጥቅም ተገልብጦ ጉዳት ይሆናል፤ ያቺ ከ4 ሰዓት በኋላ የምትጽፈው እናት በሳምንት ሦስት ምሽት አዳራሽ ተቀምጣ ካመሸች ልብ ወለዷ አይንቀሳቀስም። ለእሷ የቢሮ ሥራ ወይም ትርጉም ይሻላታል።

አሁን አንድ ጽሑፍ በቅርብ እንመልከት። በፈረንሳይ የባህል ማዕከሉ በአሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ተከፈተ እንበል። በመክፈቻው ምሽት የሚታየው የሰው ጀርባ ነው፤ ሥዕሉን ለማየት በማግስቱ ረፋድ አዳራሹ ባዶ ሲሆን መመለስ ግድ ነው። ሠዓሊው የሚሠራው ከከተማው ዳር ከሆነ ሦስተኛ ጉዞ ይጨመራል። ቃለ መጠይቁን ከድምፅ ወደ ወረቀት መገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ ጽሑፉ፣ ከዚያ ፎቶግራፉ፣ ከዚያ «ትንሽ አሳጥርልን» የሚለው ስልክ። ጽሑፉ በሳምንቱ መጨረሻ ይወጣል፤ ክፍያው ግን በሌላ ቀን መቁጠሪያ ነው የሚሄደው። ፋይናንስ ክፍሉ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው፣ «ሰኞ ደውልልን» ይባላል። የተከፈለውን ብር ለጠፋው ሰዓት አካፍሉት፤ ውጤቱ ያስደነግጣል።

መፍትሔው ብዙ ዐውደ ርዕይ ላይ መሮጥ አይመስለኝም። አንዱን ዘገባ በተለያየ መልክ ሦስት ቦታ ማዋል ይሻላል፤ ለጋዜጣ አጭር ዘገባ፣ ለሬዲዮ የሠዓሊው ድምፅ ያለበት ቅንብር፣ ለመጽሔት ረዘም ያለ መጣጥፍ። ቃለ መጠይቁ አንድ ነው፤ ክፍያው ሦስት ነው። ለዚህ ደግሞ መብቱ የእናንተ መሆን አለበት፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ሳያውቁ ይጎዳሉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሌላ ስምምነት ከሌለ በቅጥር ብቻ ሳይሆን በአገልግሎት ውል ታዞ የተሠራ ሥራም ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው ይላል። ስለዚህ «ሌላ ስምምነት» የምትለዋን በር ተጠቀሙባት። በውሉ ወይም ቢያንስ በኢሜይል አንድ ዓረፍተ ነገር ይስፈር፦ ጋዜጣው ለአንድ ጊዜ ያትማል፣ የቅጂ መብቱ የጸሐፊው ሆኖ ይቀጥላል። ይህ መብት ትንሽ ነገር አይደለም፤ በደራሲው ዕድሜ ዘመንና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት የሚዘልቅ ነው፤ ለልጆቻችሁ ይተርፋል።

የውጭ አገር መጽሔቶች ከአገር ውስጡ እጅግ የተሻለ ይከፍላሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተተወ ወዲህ ልዩነቱ ሰፍቷል፤ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይሁን እንጂ የውጭው ገበያ በልብ ወለድ ጸሐፊ ላይ የሚያሳድረው ጫና አለ። ለባዕድ አንባቢ ስትጽፉ ማሲንቆ ምን እንደሆነ፣ አዝማሪ ማን እንደሆነ፣ ጥምቀት መቼ እንደሚከበር ማብራራት ግድ ነው። ይህ ልማድ ቀስ ብሎ ወደ ልብ ወለዱ ይገባና የጉለሌ ሴትዮ ለጎረቤቷ ቡና ስታፈላ አቦል ቶናውን የምታስረዳ ትሆናለች። የብዙ ጎበዝ ጸሐፊዎች ረቂቅ ላይ ይህን አንብቤ አዝኛለሁ። የውጭውን ሥራ አትተዉ፤ ከልብ ወለዱ ሰዓት ግን አርቁት፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱን አትጻፉ።

ርዕስ ስትመርጡ ደግሞ የሰፈሩን ነገር አስቀድሙ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ሲነሳ፣ አብረው የተነሱት ሻይ ቤቶች፣ የሙዚቃ ቤቶችና የጎረቤት ዕድሮች ተገቢውን ያህል አልተጻፈላቸውም። እዚያ የኖሩት ሰዎች ዛሬ በከተማዋ ዳርቻ ተበትነዋል፤ አግኝቶ ማናገር ይቻላል። ለዜናም ለልብ ወለድም ከዚህ የበለጠ አስቸኳይ ሥራ የለንም።

ስለ አበልም አስተያየቴን በግልጽ ልናገር። ዝግጅት አዘጋጆች ለጋዜጠኛ የትራንስፖርት እያሉ ፖስታ ይሰጣሉ፤ ገቢው ለሚዋዥቅ ፍሪላንሰር ደግሞ ፖስታው ይፈትናል። አትቀበሉ። የከተማችን የኪነ ጥበብ ሰፈር ጠባብ ነው፤ ፖስታ የወሰደ ሰው «ቴአትሩ ደካማ ነው» ብሎ ለመጻፍ እጁ ይከብደዋል፤ ስሙም ቶሎ ይጠፋል።

ገንዘቡን በተመለከተ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳታወጡ አትጀምሩ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ይህ ቁጥር ለሌለው አቅራቢ ከፋዩ 30 በመቶ ቀንሶ እንዲያስቀር አዝዞ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ አሁን ያለውን ምጣኔ ከቅርብ የግብር ቅርንጫፍ ጠይቁ። ቁጠባ ላይ ዕቁብ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሳምንት ዕቁብ ለፍሪላንሰር ጭንቀት ነው። ክፍያ የሚዘገይበት ሰው ወርኃዊና መጠኑ አነስ ያለ ዕቁብ ይግባ፤ ዕጣውንም መጨረሻ አካባቢ ቢወስድ ለክረምቱ ስንቅ ይሆነዋል።

የሬዲዮ የአየር ሰዓት

በኤፍ ኤም ጣቢያዎች የአየር ሰዓት ገዝቶ፣ ስፖንሰር ፈልጎ የራስን የኪነ ጥበብ ፕሮግራም ማቅረብ ይቻላል። ስም ያስገኛል፤ በከተማው ማንም ያውቃችኋል። ግን የሳምንቱ አብዛኛው ጊዜ ስፖንሰር ደጅ በመጥናት ያልፋል፤ ስፖንሰሩ ሲወጣ ደግሞ የአየር ሰዓቱ ዕዳ በእናንተ ላይ ይቀራል። ለልብ ወለድ ጸሐፊ አልመክረውም። በተባባሪ አዘጋጅነት ቋሚ ክፍያ ከተገኘ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በጆሮ የሚሠራ ሰው የገጸ ባሕርያቱ ንግግር ሕይወት ይኖረዋል።

የቅጥር ብዕር

የቅጥር ብዕር የምለው ለሌላ ሰው ታዞ በክፍያ የሚጻፈውን ነው፦ የጡረተኛ ባለ ሥልጣን ወይም የነጋዴ ግለ ታሪክ፣ የባንክ የምሥረታ በዓል መጽሐፍ፣ የዘጋቢ ፊልም ጽሑፍ፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሪፖርት፣ ትርጉም። በአገር ውስጥ ካለው የጽሑፍ ሥራ ሁሉ የሚያዋጣው ይህ ነው። ሰዓቱም በእጃችሁ ነው። ክፍያው በሦስት ይከፈል፤ ሲፈረም፣ የመጀመሪያው ረቂቅ ሲገባ፣ ሲጠናቀቅ። ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሰው ግለ ታሪክ አትጀምሩ፤ ባለ ታሪኩ ሐሳቡን ቢቀይር ወይም ቤተሰቡ ቢጣላ የወራት ድካም ሜዳ ላይ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ልብ ወለድን በቶሎ የሚበላው ይኸው ሥራ ነው። የሰውን ሕይወት ከትዝታ ቁርጥራጭ እየለቀሙ ትዕይንት ማድረግ፣ ድምፅ ማግኘት፣ ምዕራፍ ማዋቀር በትክክል የልብ ወለድ ሥራ ነው። ለከፋይ ሰው ጠዋት ከጨረሳችሁት ከሰዓት በኋላ ለራሳችሁ አይተርፍም። ዘገባ እንዲህ አያደርግም፤ እግርና ጆሮ ያደክማል እንጂ ያንን ጉልበት አይነካም። ለዚህ ነው በክፍያ ዝቅ ብሎ ሳለ ዘገባን ከግለ ታሪክ በላይ የማስቀምጠው። ግለ ታሪክ የምትቀበሉ ከሆነ የልብ ወለዱ የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ሳላችሁ አይሁን፤ ረቂቁ አልቆ ወደ እርማት ከገባ በኋላ ጉዳቱ ይቀንሳል። የሰማችሁትንም ወደ ልብ ወለድ አታሻግሩ። ሰውየው የነገራችሁ ለራሱ መጽሐፍ ነው፤ ይህን ማክበር የሙያው ክብር ነው።

ትርጉምን ለይቼ አየዋለሁ። የሪፖርት ትርጉም ገንዘብ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። የሥነ ጽሑፍ ትርጉም ግን የራስን አማርኛ ያጠራል፤ ማሞ ውድነህ ከጋዜጠኝነት ጋር ደርበው ሲተረጉሙም ሲጽፉም ኖረዋል። ክፍያው ትንሽ ቢሆንም ከተገኘ ያዙት።

ታዲያ የቱ?

ሙያውን ገና የጀመረ፣ ወይም ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው በሳምንታዊ ጋዜጣ ይቀጠር። ማለዳ የሚጽፍ፣ በዝግጅት ክፍል ጥቂት ዓመታት የቆየና አዘጋጆች በስሙ የሚያውቁት ሰው ወደ ፍሪላንስ ይውጣ፤ ነገር ግን ከመውጣቱ በፊት ቢያንስ አንድ ቋሚ ዓምድ በጽሑፍ ውል ይያዝ፣ የስድስት ወር ወጪውን ይቆጥብ፣ የልብ ወለዱን የመጀመሪያ ረቂቅም እዚያው ደመወዝ ላይ ሳለ ይጨርስ። «ሥራ ልተውና ልጻፍ» የሚለው ውሳኔ ባዶ ገጽ ላይ ሲወሰን ጭንቀቱ ይጽፋል እንጂ ሰውየው አይጽፍም። የተጻፈ ረቂቅ ይዞ ለወጣ ሰው ግን የነጻው ጠዋት እውነተኛ ዋጋ አለው። በምሽት የሚጽፍ ሰው በደመወዙ ላይ ይቆይ፤ ካልሆነም የትርጉም ሥራ ይያዝ።

ልብ ወለዱ በየት ይውጣ?

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ረቂቅ ተቀብሎ፣ አርሞ፣ አሳትሞ ያከፋፍል ነበር፤ ሳንሱሩም አብሮ ነበር። ዛሬ ሳንሱሩ የለም፤ ረቂቅ ተቀብሎ በራሱ ወጪ የሚያሳትም አሳታሚም ጥቂት ነው። አሳታሚ ካገኛችሁ ደግ ነው፤ ውሉ ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ለስንት ዓመት እንደሚቆይና የድምፅ መብቱ፣ ማለትም መጽሐፉን በድምፅ የማስተረክ መብት፣ የማን እንደሆነ ለየብቻው ይጻፍበት። የድምፅ መብቱን አትስጡ። የአማርኛ አንባቢ ልብ ወለድን በጆሮ መስማት የለመደው «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ከተተረከ ጀምሮ ነው፤ አሁን ደግሞ እንደ ተራኪ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች መጥተዋል። ይህ ገቢ ከወረቀቱ ተለይቶ የሚቆም ነው።

አብዛኞቻችሁ ግን በራሳችሁ ወጪ ታሳትማላችሁ። ወጪው በቅደም ተከተል አርትዖት፣ ፊደል እርማት፣ የገጽ ቅንብር፣ ሽፋን፣ ወረቀትና ኅትመት፣ ከዚያ ማከፋፈያ ነው። ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው ሁልጊዜ አርትዖቱ ነው፤ እባካችሁ ከምረቃው ድግስ ላይ ቀንሱ። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚመጣ ዋጋው ከምንዛሪው ጋር ይወጣል፤ የዛሬ ወር የተሰጣችሁ ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። አራት ኪሎ ካለው፣ ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ ከሚያትመው ብርሃንና ሰላም ብቻ ሳይሆን ከሁለት የግል ማተሚያ ቤቶችም ዋጋ ጠይቁ። መጽሐፍ የሚታተመው ብዙውን ጊዜ በ16 ገጽ እጥፍ ነው፤ አንዱ ትልቅ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል። ልብ ወለዳችሁ 240 ገጽ ላይ ቢያልቅ 15 እጥፍ ይሆናል፤ 243 ገጽ ላይ ካለቀ ለሦስት ገጽ ስትሉ ተጨማሪ እጥፍ በእያንዳንዱ ቅጂ ትከፍላላችሁ። ሦስቱን ገጽ አርታኢው ያወጣላችኋል፤ ልብ ወለዱም ይጠቀማል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩ የሚገኘው ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ከወመዘክር ነው፤ ከታተመ በኋላም ቅጂ ማስገባት የሕግ ግዴታ ነው።

አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ሲሶ ገደማ ይወስዳል፤ ገንዘቡንም የሚመልሰው ከተሸጠ በኋላ ነው። ለእያንዳንዱ መደብር የሰጣችሁትን ቅጂ በፊርማ አስረክቡ። ለአዟሪዎች ደግሞ ቅናሽ ሰጥታችሁ በእጅ በእጅ ሽጡ፤ ከመደብር ቀድመው ገንዘባችሁን የሚመልሱላችሁ እነርሱ ናቸው። መጽሐፉ በቴሌግራም በፒዲኤፍ መበተኑ የማይቀር ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሽያጭ ወሳኝ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ወይም ለገና ገበያ አስቡበት። የመጀመሪያውን እትም መጠን ማተሚያ ቤቱ ከሚገፋፋችሁ ዝቅ አድርጉ። ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ያልተሸጠው ግን ሳሎናችሁ ውስጥ ነው የሚከማቸው። የገጽ ቅንብሩና የሽፋኑ ፋይል እጃችሁ መግባቱን ሳታረጋግጡም የመጨረሻውን ክፍያ አትልቀቁ፤ ሁለተኛው እትም ከሌላ ማተሚያ ቤት ሊወጣ ይችላል።